«ጠንከር ያለውን ስጪኝ»፦ ስለ ሳይነስና አንቲባዮቲክ ለአንዲት ጀማሪ ፋርማሲስት

የእህቴ ልጅ ሆይ፣

ትምህርትሽን ጨርሰሽ ነጭ ጋውን ለብሰሽ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆመሻል። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽን እኔ አልደግመውም። ከባንኮኒው ማዶ የሚመጣውን ጥያቄ ግን እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬአለሁ። ብርድና ጉንፋን በሚበዛበት ሰሞን በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው «ሳይነሴ ተነሳብኝ፤ ጠንከር ያለውን አንቲባዮቲክ ስጪኝ» የሚለው ነው። ስለዚህ ስለ አንድ በሽታና ስለ ጥቂት መድኃኒቶች ብቻ የማምንበትን በተራ ቁጥር ጽፌልሻለሁ። ሐሳቤ አጭር ነው፦ መጀመሪያ መድኃኒቱ ያስፈልጋል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካስፈለገ ደግሞ ለሥራው የሚበቃውን አስቀድሚ፤ ሰፊውንና ውዱን ግድ ለሚሆንበት ቀን አቆዪው።

1. ሰው «ሳይነስ» ያለውን ሁሉ ሳይነስ ነው ብለሽ አትቀበዪ።

በእኛ አገር ከቅንድብ በላይ የሚያም ሁሉ ሳይነስ ይባላል። ግማሽ ራሱን እየወጋው፣ ብርሃንና ጫጫታ እያስጠላው፣ እያቅለሸለሸው የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ማይግሬን ነው ያለበት። የሚያስነጥሰው፣ ዓይኑን የሚያሳክከው፣ ንፍጡ እንደ ውኃ የቀጠነ ደግሞ አለርጂ ነው። ለሁለቱም አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራም። ድንገተኛው የሳይነስ ሕመም ወፍራም ንፍጥ አለው፤ አፍንጫ ይታፈናል ወይም ጉንጭና ግንባር ይከብዳል፤ ዕድሜውም ከአራት ሳምንት አያልፍም። ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ የሚሸት ፈሳሽ ካለው የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ጠይቂ፤ ምንጩ እዚያ ከሆነ መፍትሔው ያለው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው።

2. ቀን ቁጠሪ፤ የንፍጥ ቀለም አትቁጠሪ።

አብዛኛው የሳይነስ ሕመም የጉንፋን ቫይረስ ሥራ ነው። በአዋቂዎች ከመቶ ጉንፋን ወደ ባክቴሪያ የሚዞረው ቢበዛ ሁለቱ ነው። ባክቴሪያ ነው ብሎ ለመጠርጠር የአሜሪካ የተላላፊ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመሪያ ሦስት መንገድ ያሳያል። አንደኛው፣ ሕመሙ ምንም ሳይሻለው አሥር ቀን ካለፈ። ሁለተኛው፣ ገና ከጅምሩ ትኩሳቱ 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ከወፍራም ንፍጥ ወይም ከፊት ሕመም ጋር ሦስት አራት ቀን በተከታታይ ከቆየ። ሦስተኛው፣ ጉንፋኑ ተሽሎት በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ገደማ እንደ አዲስ ከባሰበት።

«አረንጓዴ ሆኗል» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ቀለሙን የሚሰጡት የገዛ አካላችን ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ በቫይረስም ጊዜ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በሕፃናት ላይ የታተመ አንድ ጥናትም ንፍጣቸው ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሆነ ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ በአንቲባዮቲክ እንዳልተጠቀሙ አሳይቷል።

3. ያለ መድኃኒት የሚድነው ስንት እንደሆነ በቃልሽ ያዢ።

ይህን ቁጥር የያዘ ባለሙያ ሰውን ያለ ክኒን ሲመልስ አይጨነቅም። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 በአዋቂዎች ላይ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ አንቲባዮቲክ ካልወሰዱት ሰዎች 46 በመቶው በአንድ ሳምንት፣ 64 በመቶው በሁለት ሳምንት ድነው አግኝቷቸዋል። አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ከመቶው ቶሎ የሚድኑት በአምስት ሰው ብቻ ይጨምራሉ፤ በተቅማጥ፣ በሆድ ሕመም፣ በሽፍታና በመሳሰለው የጎንዮሽ ጉዳት የሚቸገሩት ደግሞ በአሥራ ሦስት ይጨምራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 166 አዋቂዎችን ለሁለት ከፍሎ ለገሚሱ አሞክሳሲሊን፣ ለገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ለአሥር ቀን ሰጠ። በሦስተኛው ቀን ልዩነት የለም። በሰባተኛው ቀን አሞክሳሲሊን የወሰዱት ጥቂት ቀደም አሉ። በአሥረኛው ቀን ሁሉም እኩል ሆኑ። ለቀለለ ሕመም አንቲባዮቲክ ማለት እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

4. ሲያስፈልግ ከአሞክሳሲሊን ተነሺ።

ሳይነስን የሚያመረቅዙት ዋነኞቹ ባክቴሪያዎች ሦስት ናቸው፦ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየ፣ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ እና ሞራክሴላ ካታራሊስ። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያሳስበን፣ በራሱ የመልቀቅ ዕድሉም ያነሰው፣ የመጀመሪያው ነው። አሞክሳሲሊን በቂ መጠን ከተወሰደ ለእሱ ከአፍ ከሚወሰዱት የፔኒሲሊንና የሴፋ ቤተሰብ መድኃኒቶች ሁሉ አስተማማኙ ነው፤ ርካሽም ነው፤ ከትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤትም አይጠፋም።

መመሪያዎቹ እርስ በርስ እንደማይስማሙ ስታዪ አትደንግጪ። ከላይ ያነሳሁት የ2012ቱ የአሜሪካ መመሪያ አሞክሳሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ይቅደም ይላል። የዚያው አገር የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ላይ አሞክሳሲሊን ብቻውንም ከክላቩላኔት ጋርም ይሆናል ብለዋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መመሪያ ደግሞ ከሁለቱም ጠበብ ያለውን የሚዋጥ ፔኒሲሊን ያስቀድማሉ፤ ክላቩላኔት ያለበትን የሚያቆዩት በጠና ለታመመ ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአንቲባዮቲክ መጽሐፍ ላይ ለአዋቂ አሞክሳሲሊን 1 ግራም በየስምንት ሰዓቱ፣ ወይም አሞክሳሲሊን ከክላቩላኔት ጋር 500/125 ሚሊግራም በየስምንት ሰዓቱ፣ ለአምስት ቀን ይላል።

ልዩነቱ የሚመጣው በየአገሩ የትኛው ባክቴሪያ እንደሚበዛና የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ ከመገመት ነው። አሜሪካ የኒሞኮከስ (የስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየ) ክትባት ለሕፃናት መስጠት ከጀመረች ወዲህ ያ ባክቴሪያ ቀንሶ የሂሞፊለስ ድርሻ ከፍ ብሏል፤ የክላቩላኔት ምርጫቸውም አንድ መነሻው ይኸው ነው። ኢትዮጵያም ክትባቱን ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ትሰጣለች። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አለ፦ ከፔኒሲሊን ቤተሰብ ሳይሞከር ወደ ሌላ አይዘለልም።

5. ክላቩላኔት ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምር ለይተሽ እወቂ።

ብዙ ሰው «ኦግመንቲን» (አሞክሳሲሊን ከክላቩላኔት ጋር) ሲባል የአሞክሳሲሊን ታላቅ ወንድም ይመስለዋል። ክላቩላኔት ራሱ ባክቴሪያ የሚገድልበት አቅም እዚህ ግባ አይባልም። ሥራው አሞክሳሲሊንን የሚሰባብረውን ቤታ-ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም ማሰር ነው። ይህ ኢንዛይም ያላቸው አብዛኞቹ ሞራክሴላዎችና ከሂሞፊለስ ከፊሉ ናቸው። ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየ ግን ይህ ኢንዛይም የለውም፤ እሱ አሞክሳሲሊንን የሚቋቋመው መድኃኒቱ የሚይዝበትን ፕሮቲን በመለወጥ ነው። ስለዚህ በእሱ ላይ ክላቩላኔት ምንም አይጨምርም፤ የሚረዳው የአሞክሳሲሊኑን መጠን ከፍ ማድረግ ነው።

ክላቩላኔት የሚጨምረው ሌላ ነገር ተቅማጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ የሳይነስ ሕመምተኛ ሕፃናት መዝገብ ላይ የተደረገ ጥናት ሁለቱን መድኃኒቶች አወዳድሮ፣ ሕክምናው ባለመሥራቱ በኩል ልዩነት አላገኘም፤ የሆድ ችግርና የፈንገስ ልክፍት ግን ክላቩላኔት ባለበት በዝቶ ተገኝቷል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ጉበትን የሚጎዳበት ጊዜም አለ።

እንግዲህ ለማን? ባለፈው አንድ ወር አንቲባዮቲክ ለወሰደ፣ በአሞክሳሲሊን ሦስት ቀን ቆይቶ ለባሰበት፣ ለስኳር ሕመምተኛ፣ የመከላከል አቅሙ ለደከመ፣ ዕድሜው ከ65 ላለፈ፣ ትኩሳቱ ለበረታ።

አንድ የመደርደሪያ ነገር ልጨምርልሽ። ካርቶኑ ላይ 375 የሚለው ክኒን 250 አሞክሳሲሊንና 125 ክላቩላኔት አለው፤ 625 የሚለው ደግሞ 500 አሞክሳሲሊንና ያንኑ 125 ክላቩላኔት ነው። 625 አልቆ «ሁለት 375 ውሰድ» ያልሽው ሰው ክላቩላኔቱን እጥፍ ዋጠ ማለት ነው፤ የሚያተርፈው የሆድ ቁርጠት ነው። ምግብ ሲጀምር እንዲውጠው ንገሪው፤ ሆዱን ያቀልለታል።

6. «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ሲሉሽ ምን እንደሆኑ ጠይቂ።

አሜሪካ ውስጥ ከአሥር ሰው አንዱ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት መዝገቡ ላይ ተጽፎለታል፤ በምርመራ ሲታዩ ግን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዱታል። «ሆዴን አስቀመጠኝ»፣ «አቅለሸለሸኝ» ማለት አለርጂ አይደለም። ክኒኑን በዋጠ በሰዓታት ውስጥ ሰውነቱ በእብጠት የተሞላ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ዳግመኛ እንዳይነካው። ቆዳው የተላጠና አፉ የቆሰለም እንዲሁ። ሁለቱን ሳትለዪ ደርሰሽ «አለርጂ» ብለሽ ከጻፍሽበት ያንን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ወደ ውድና ወደ ከፋ መድኃኒት ትገፊዋለሽ።

7. እውነተኛ አለርጂ ላለበት አዋቂ ዶክሲሳይክሊንን አስታውሺ።

ወጣቶች ይረሱታል፤ ለወባና ለአባላዘር ብቻ ይመስላቸዋል። ከፔኒሲሊን ጋር ዝምድና የለውም፤ ለሦስቱም ባክቴሪያዎች ደህና ይሠራል። በእንግሊዝ መመሪያ በመጀመሪያው ቀን 200 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን 100 ለአራት ቀን ነው። ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ስታስረክቢው አፍሽን አትቆጥቢ። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ይዋጥ፤ ውጦ ወዲያው የተኛ ሰው ጉሮሮውን ያቆስለዋል። ከወተት፣ ከጨጓራ ማስታገሻና ከብረት ክኒን ጋር ሰዓት ይለያይ፤ አለበለዚያ ኃይሉ ይቀንሳል። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ጠራራ ላይ የሚውል ሰው ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ያስፈልገዋል።

8. በአዚትሮማይሲን አትታለዪ።

አንድ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳይሻል። ሦስት ክኒን የነበረባት ባዶ ካርቶን ናት፤ አንደኛው ጥጓ ተቀዷል፣ የሚያበቃበት ቀን ግማሹ ብቻ ይነበባል። «አምና በሦስት ቀን ያዳነችኝ ይቺ ናት» ይልሻል። አዚትሮማይሲንን የሚወዱት በቀን አንዴ ስለሚዋጥና ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። ያዳነው ግን ምናልባት ጊዜው ራሱ ነው፤ አሥረኛ ቀኑ ላይ የጀመረ ሰው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቢሻለው ምን ይደንቃል?

ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየ ይህን መድኃኒት በብዙ አገር ተላምዶታል፤ የአሜሪካ መመሪያዎችም ለሳይነስ ብለው አትስጡት ይላሉ። መላመዱ እንዴት እንደሚመጣ ደግሞ ከእኛው አገር የተሻለ ማስረጃ የለም። በምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ትራኮማን ለማጥፋት በተደረገ ጥናት የተወሰኑ ቀበሌዎች ሕፃናት በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን ተሰጣቸው። መድኃኒቱ ለዓይናቸው በጀ፤ የሕፃናት ሞትም ቀነሰ። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ በአፍንጫና በጉሮሮ መካከል በሚኖረው በዚያ ባክቴሪያ ላይ ከ4 በመቶ በታች የነበረው መላመድ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ተጠጋ። መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ቀበሌዎች ከ10 በመቶ በታች ነበር።

ለትራኮማ ያንን ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው፤ የሚታደገው ዓይንን ነው። ለጉንፋን መክፈል ግን ብክነት ነው። በተለይ አዚትሮማይሲን ከደም የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ክኒኑ ካለቀ በኋላ በትንሽ መጠን ለቀናት ይቆያል፤ ባክቴሪያው የሚለማመደውም በዚያን ጊዜ ነው። የልብ ምቱ የሚዛባ ወይም ለልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ምቱን ይበልጥ ሊያዛባበት ይችላል።

9. ኮትሪሞክሳዞልንና የሴፋ ቤተሰብን በአጭሩ እለፊያቸው።

ኮትሪሞክሳዞል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዋነኛው ባክቴሪያ በሰፊው ተላምዶታል፤ ከባድ የቆዳ መላጥም ያመጣል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን ለመከላከያ የሚወስዱት መድኃኒት ስለሆነ ለእነሱ ይቆይ። ሴፋሌክሲን ለሂሞፊለስ ደካማ ነው። ሴፊክሲም ደግሞ ለሂሞፊለስ ጥሩ ሆኖ ለተላመደው ኒሞኒየ ይሰንፋል። ሴፉሮክሲም ከሁለቱ ይሻላል፤ ከአሞክሳሲሊን ግን አይበልጥም።

10. ሲፕሮንና ወንድሞቹን መጨረሻ ላይ አስቀምጪ።

ሲፕሮፍሎክሳሲን ለስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየ ደካማ ስለሆነ ለሳይነስ አይመረጥም። ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን ይሠራሉ፤ እንዲያውም በደንብ። ሆኖም የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ለሳይነስ እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። ጅማት ይበጥሳሉ፤ በተለይ ከስልሳ ዓመት በላይ በሆነና ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው። ነርቭ ይጎዳሉ፤ የስኳር ሕመምተኛን ስኳር ድንገት ዝቅ ያደርጋሉ።

ለእኛ አገር ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ምክንያት አለ። እነዚህ መድኃኒቶች የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ይመታሉ፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከመውም በእነሱ ነው። ሳል ያለበትን ሰው «ሳይነስ ነው» ብሎ ሌቮፍሎክሳሲን የሰጠ ባለሙያ ቲቢውን ለጊዜው አድበስብሶ ምርመራውን ሊያዘገይበት፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒቱን ሊያስለምድበት ይችላል። ቲቢ በበዛበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

11. ባዶ እጁን አትመልሺው።

ሰው «መድኃኒት የለህም» ሲባል የተናቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ የምትሰጪው ነገር ይኑርሽ። ለሕመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞል። አፍንጫውን የሚያጥብበት የጨው ውኃ፦ ፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ያልፈላ የቧንቧ ውኃ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። አፍንጫን የሚከፍት ጠብታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ አፍንጫው ያለ ጠብታው አልከፈት ይላል። አለርጂ ላለበት ሰው የስቴሮይድ ስፕሬይ ሐኪሙ ቢያይለት ይጠቅመዋል። ባሕር ዛፍ አፍልቼ ልታጠን ለሚልሽ አትቆጪ፤ ቀለል ይለዋል። ግን የፈላ ድስት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መደፋት ብዙ ልጆች አቃጥሏልና ከልጆች ይራቅ በዪ።

12. ከባንኮኒሽ አልፎ ሆስፒታል መሄድ ያለበትን ለዪ።

የዓይኑ ቆብ ያበጠና የቀላ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው፣ ዓይኑ ወደ ውጭ የገፋ፣ ግንባሩ ላይ እብጠት የወጣበት፣ አንገቱ የደረቀ፣ የሚዘባርቅ፣ ራሱን ከምንጊዜውም በላይ ያመመው ሰው ጊዜ የለውም። ኢንፌክሽኑ ወደ ዓይን ጎድጓዳ ወይም ወደ አንጎል እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ የሚዋጥ ክኒን አይመልሰውም። ስኳሩ የከፋ ሰው ፊቱ ደንዝዞ ከአፍንጫው ጥቁር ነገር ከወጣ ቤተሰቡን ጠርተሽ በዚያው ሰዓት ላኪው።

13. ስታስረክቢ ቀኑንና ሰዓቱን አስይዢ።

ለአዋቂ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይበቃል፤ ለሕፃናት ሐኪሙ እስከ አሥርና አሥራ አራት ቀን ሊያዝ ይችላል። በ72 ሰዓት ውስጥ ከባሰበት ይመለስ። የተረፈ ካፕሱል ለጎረቤት አይሰጥም፤ ተፈትቶም ቁስል ላይ አይነሰነስም። የልጆችን ሽሮፕ ስትበጠብጪ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ሙዪ፤ ክላቩላኔት ያለበት በፍሪጅ ሰባት ቀን ብቻ ይቆያል። እናትየዋ ፍሪጅ እንዳላት ሳትጠይቂ አታስረክቢ።

14. ማዘዣ ሳታዪ አትስጪ፤ ማዘዣውንም አንብቢ።

አንቲባዮቲክ በሕጋችን ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። አንቺ እምቢ ስትዪ የሚቀጥለው መድኃኒት ቤት እንደሚሸጥለት አውቃለሁ፤ የእሱን ኃጢአት እሱ ይሸከመው። ማዘዣ ይዞ ለመጣም ቢሆን ለሦስት ቀን ጉንፋን ሌቮፍሎክሳሲን ተጽፎ ካየሽ ስልክ አንሺና ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቂ። «ዶክተር፣ አሞክሳሲሊን ቢሆንስ?» ማለት ድፍረት አይደለም፤ የሠለጠንሽበት ሥራ ነው።

ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋብሽ ከመደርደሪያው ዘወር ከማለትሽ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አትርሺ፦ ስንት ቀንህ ነው? እየባሰብህ ነው ወይስ እየቀለለህ? ባለፈው ወር አንቲባዮቲክ ወስደሃል? መልሱን በትዕግሥት አዳምጪ። ከመጡብሽ ሰዎች ብዙዎቹ ፓራሲታሞልና የጨው ውኃ ይዘው ይሄዳሉ፤ ጥቂቶቹ አሞክሳሲሊን ይታዘዝላቸዋል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከጥቂቶቹም ጥቂቱ ነው። መደርደሪያሽ ላይ ያለውን ውድ ካርቶን ለዚያ ሰው ጠብቂለት።

አጎትሽ